ተረብ በማን ላይ?

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በጓደኞችህ ዘንድ «ተረበኛ ነው፤ አንደበቱ ስል ነው» ብትባል ደስ ይልህ ይሆናል። እኔ ግን የምጠይቅህ አለኝ፤ ያሳቅኸው በማን ላይ ነው? ባስተማርሁበት ዘመን በክፍል ውስጥ ሳቅ ሲፈነዳ ዘወር ብዬ ባየሁ ቁጥር፣ የሚሳቅበት ልጅ ወይ ልብሱ የተቀደደ፣ ወይ ምላሱ የሚኮላተፍ ነበር። በባለጠጋ ልጅ ሲሳቅ አላየሁም። ሚሲዮናውያን መምህሮቼ ተረብን ሁሉ ኃጢአት ነው ይሉን ነበር፤ በዚህም አልስማማም።

የእንግሊዙን ጋዜጠኛ የዳግላስ ጄሮልድን ነገር ላንሣ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1803 በለንደን የተወለደ፣ ገና በአሥር ዓመቱ በባሕር ኃይል መርከብ የገባ ሰው ነው። በ1815 ከዋተርሎ ጦርነት ቁስለኞችን ባመጣች መርከብ ላይ ነበረ፤ የመርከበኞችንም ግርፋት ዕድሜውን ሙሉ ጠላ። ከዚያም በማተሚያ ቤት ተለማማጅ ሆኖ፣ ከሥራ በተረፈው ሰዓት እያነበበ ራሱን አስተማረ። (መማሪያ አጣሁ የምትል ስማ!) በ1841 ፐንች የተባለው የቀልድ ጋዜጣ ሲቋቋም ገባና «ኪው» በምትል አንዲት ፊደል እየፈረመ በድሀ የሚጨክኑትን በብዕሩ ወጋ። በ1849 ወዳጁ ዲከንስ፣ ስቅላት ከአደባባይ ተነሥቶ በወኅኒ ቤት ግቢ ይሁን ብሎ ሲጽፍ፣ ጄሮልድ ጨርሶ ይቅር እንጂ መሸሸጉ ምን ይጠቅማል ብሎ ተቃወመው።

ነገር ግን ሕዝቡን በሳቅ ያንከተከተው ይህ አይደለም፤ በ1845 በፐንች ያወጣው የወይዘሮ ኮድል ነገር ነው። ማታ ማታ በአልጋ ላይ ባልዋን የምትነዘንዝ የባለሱቅ ሚስት ናት። ጃንጥላቸውን ለሰው አዋሰ ብላ የምትጮህበት ክፍል እጅግ ተወደደ። እኔም ስቄአለሁ፤ አልዋሽም። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ተንቀሳቃሽ ንብረትዋ የባልዋ ነበር፤ ሕጉ በሚገባ የተለወጠው በ1882 ነው። እንግዲህ ጃንጥላው እንኳ የእርስዋ አልነበረም! የቀራት ምላስዋ ብቻ ነበር፤ የድሀ ጠበቃ የነበረው ሰው በዚያችው ምላስ አገር አሳቀባት።

«ጨዋታ ነው፤ ማንን ይጎዳል?» የሚሉኝ አሉ። ይህንኑ የሚሳቅበትን ልጅ ጠይቁት።

ጄሮልድ በ1857 ሞተ፤ ዲከንስም ለቤተሰቡ ገንዘብ ለማሰባሰብ ንባብና ቴአትር አዘጋጀ። ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ ሰው ቢገኝ የሚያነሣለት ወይዘሮ ኮድልን ነው። ስለ ስቅላት የጻፈውን የሚያነብ ጥቂት ነው።