ኔትወርክ በሌለበት ቴሌብር

የከተማ መራጮች፣ በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ሲደረግ የከተማው ታክሲ የገጠመው ወረፋ ነበር። ከገጠር ቀበሌ ሰው ጭኖ ለሚመጣው ባለ ባጃጅ ግን ማደያው ራሱ ሩቅ ነው። ደርሶም ኔትወርክ ከጠፋ ብሩን በኪሱ እንደያዘ ባዶውን ይመለሳል፤ ለባለንብረቱ የዕለት ገቢ ማስገባቱ ግን አይቀርለትም። ስለዚህ በሃይላንድ የሚቸረቸረውን ቤንዚን በውድ ይገዛል። ጭማሪው ተሳፋሪው ገበሬ ላይ፣ ከዚያም ሽንኩርት በምትገዙት በእናንተ ላይ ይወድቃል።

ኮንትሮባንድን መቆጣጠር እንደሚያስፈልግ ድርጅታችን አይክድም። ሆኖም አሠራሩን ያወጡት ባለሥልጣናት አንድ ቀን እንኳ በፒስታ መንገድ በባጃጅ ተሳፍረው የሚያውቁ አይመስለንም። ከመረጣችሁን፣ ኔትወርክ በተቋረጠ ሰዓት ማደያዎች በደረሰኝ ጥሬ ገንዘብ እንዲቀበሉ እናደርጋለን።