የአያት ፊት በትልቅ ቴሌቪዥን

በናይሮቢ ከተማ፥ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ወዳጃችን ወይዘሮ፥ በስልካቸው የተከማቸውን የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ከሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በትልቁ ለማየት ተመኙ። እናታቸው የሚኖሩት ጎንደር ነው። ልጆቻቸው አያታቸውን የሚያውቋቸው በፎቶግራፍ ብቻ ስለ ሆነ፥ አራቱም በአንዲት ስልክ ላይ ተደራርበው «ለእኔ፥ ለእኔ» ሲባባሉ ማየት ወይዘሮዋን ያሳዝናቸው ነበር። ስለዚህ ቴሌቪዥን ለመግዛት በወጡ ጊዜ እኔም አብሬያቸው ሄድሁ።

በኢስትሊ ዕቃ ማግኘት አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጋሪሳ ሎጅ የተባለው ማረፊያ ቤት የመኝታ ክፍሎቹ ወደ ሱቅነት ከተለወጡ ወዲህ፥ ሰፈሩ በገበያ ሕንፃ ላይ የገበያ ሕንፃ ሲጨምር ኖሯል። የሚያስቸግረው መምረጡ ነው።

ከገባንበት ሱቅ ግድግዳ ላይ የተደረደሩት ቴሌቪዥኖች ሁሉ በቀቀንና አበባ ያሳዩ ነበር። ይህ ፊልም ለሽያጭ የተዘጋጀ ነው፤ የሱቁን ብርቱ መብራት እንዲያሸንፍም ብርሃኑና ቀለሙ ከልክ በላይ ከፍ ይደረጋል። የበቀቀን ቀለም ቢጋነን የሚታዘብ የለም፤ የእናቱን ፊት የማያውቅ ሰው ግን የት ይገኛል? ወይዘሮዋ በፍላሽ ዲስክ ይዘውት የመጡት ፎቶግራፍ ሲከፈት፥ ጠይሟ እናታቸው እንደ ሸክላ ቀልተው፥ ነጠላቸውም ወደ ሰማያዊ አድልቶ ታየ። ነጋዴው በሪሞቱ የሥዕሉን ዓይነት «ሲኒማ» ወደሚለው ሲያዛውረው ጠይምነታቸው ተመለሰ። እንግዲህ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው የሚያውቀውን ፊት ይዞ ይሂድ። ፊት ለፊት ብቻ ቆሞም አይመልከት፤ ቡና ሲጠጣ ቤተ ሰቡ ዙሪያውን ይቀመጣልና፥ ከጎን ሲታይ ቀለሙ የሚደበዝዝ ቴሌቪዥን ለግማሹ ሰው አይጠቅምም።

ስለ ስፋቱም ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን 55 የሚሆነው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ ነው፤ ወርዱ 122፥ ቁመቱም 68 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስልክ አቁመን የምናነሣው የተለመደው ፎቶግራፍ ግን ከዚህ ወርድ የሚይዘው 51 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ብቻ ሲሆን፥ የቀረው በግራና በቀኝ ጥቁር ይሆናል። በባለ 43 ኢንቹ ላይ ደግሞ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የወይዘሮዋ ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ቆመው የተነሡ ስለ ነበሩ ትልቁን መረጡ።

ፎር ኬ የሚባለው ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ ፉል ኤችዲ ግን 2 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ሦስት ሜትር ርቆ ፊልም ለሚያይ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ፎቶግራፍ ሲታይ ግን ልጅ ከመቀመጫው ተነሥቶ፥ ተጠግቶ፥ በጣቱ እያመለከተ «ይኼ ማነው?» ይላል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለፎቶግራፍ ሲሉ ለፎር ኬ መጨመር ከንቱ ወጪ አይደለም።

ማታ ቴሌቪዥኑ ተሰቅሎ የአያትየው ፊት ግድግዳውን ሲሞላ ልጆቹ እልል አሉ። ቀጥሎ የወይዘሮዋ የሟች አባታቸው ፎቶግራፍ ወጣ፤ ዓይናቸው እንኳ የማይለይ፥ የደፈረሰ ነበር። ፎቶግራፍ በዋትሳፕ በተለመደው መንገድ ሲላክ መጠኑ ይቀነሳል፤ እንዳለ የሚደርሰው «ዶክመንት» ተብሎ ሲላክ ነው። ወይዘሮዋ ወዲያው ጎንደር ወንድማቸው ዘንድ ደውለው ዋናውን እንዲልክላቸው ጠየቁት። ወንድማቸው ስልክ በለወጠ ጊዜ ዋናው አብሮ ጠፍቷል።

በማግሥቱ ያንኑ ፎቶግራፍ በፖስት ካርድ መጠን በወረቀት አሳተሙት። በዚያ መጠን የአባታቸው ዓይን ይለያል። አሁን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተሰቅሏል።