ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ አደጋን ስለ መመርመር

በመስከረም 21 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት በሰሜን ሸዋ በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፥ በአረርቲ ከተማ፥ የእመቤታችን ዓመታዊ በዓል ሲከበር፥ በመሠራት ላይ በነበረው የማርያም ቤተ ክርስቲያን የተተከለው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይም ቆሰሉ። ለንግሥ የወጣ ሕዝብ ወደ ቀብር ተመለሰ። ሐዘኑ የሁሉ ሆኗል፤ ነገር ግን ከሐዘኑ ጋር ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም አደጋ ከመድረሱ በፊት አደጋውን መርምሮ በጽሑፍ የማኖር ሥራ ነው።

ይህ ሥራ የአደጋ ሥጋት ግምገማ ይባላል። ስሙ ከባድ ቢመስልም ነገሩ ቀላል ነው። መሐንዲሱ፥ ግንበኛውና አናጢው አብረው ቦታውን እየዞሩ፥ ምን ሊወድቅ እንደሚችል፥ በማን ላይ እንደሚወድቅ፥ እንዳይወድቅ ምን ማድረግ እንደሚያሻ፥ ይህንንም የሚፈጽመው ማን እንደ ሆነ ተጠያይቀው ይጽፋሉ። የኋለኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ የአድራጊው ስም ያልተጻፈበት ጥንቃቄ ግን የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

የርብራብን ነገር ለምሳሌ ማንሣት ይቻላል። በሀገሩ የሚበዛው ከባሕር ዛፍ እንጨት በሚስማርና በገመድ ተያይዞ የሚቆመው ነው። ክረምቱን በዝናብ የሰነበተ እንደ ሆነ እንጨቱ ይበሰብሳል፥ ሚስማሩ ይዝጋል፥ ምሰሶው የቆመበትም አፈር ይለሰልሳል። ስለዚህ በግንቦት የተጻፈው ምርመራ ለመስከረም አይበቃም። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ርብራብ የሚተከለው ለጥቂት ግንበኞችና ሠዓሊዎች ከነዕቃቸው ነው። አንድ ሰው 60 ኪሎ ይመዝናል ቢባል፥ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ቢወጣበት 60 ኩንታል ጭነት ይሆናል፤ ያውም እንደ ተከመረ እህል ረግቶ የሚቀመጥ ሳይሆን፥ ለማየት ሲል ወደ አንድ ወገን የሚጋፋ ጭነት ነው። በአዘቦት ቀን የማያሰጋው ርብራብ በበዓል ቀን ሌላ ነገር ይሆናል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92፥ አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ፥ የሥራውንም አደጋ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ምእመን ግን ሠራተኛ አይደለም፤ ለበረከት ብሎ ድንጋይ የሚያቀብለውም የቅጥር ውል የለውም። እንግዲህ አዋጁ በግልጽ የማይደርስበትን ስፍራ መሙላት የሚገባው የሕንፃ አሠሪው ኮሚቴና የደብሩ አስተዳዳሪ ነው። ይህ ለካህናት እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሠራ ሰው፥ ወድቆ የሚሞት እንዳይኖር በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። መከታው ለአናጢው ብቻ የታሰበ አይደለም፤ ኋላ ወደ ሰገነቱ ለሚወጣው ሁሉ ነው።

አንዳንድ አሠሪ ለሠራተኞቹ የራስ ቆብ ካደለ ወዲያ ጥንቃቄው የተፈጸመ ይመስለዋል። ቆብ መልካም ነው፤ ግን የመጨረሻው መከላከያ ነው። አስቀድሞ አደጋውን ማስወገድ፥ ይህ ባይቻል ሰውን ከአደጋው ማራቅ ይገባል። ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ይህ ብዙ ወጪ አያሻውም፤ በዋዜማው መሰላሉን ማንሣት፥ የሚሠራበትን ወገን በአጥር መለየት፥ በበሩ ላይ ሁለት ጠባቂ ማቆም፥ ስማቸውንም በመዝገቡ ላይ መጻፍ ነው። የወረዳው የሕንፃ ሹምም የሥራ ፈቃድ ሲሰጥ ከፕላኑ ጋር ይህን መዝገብ መጠየቅ፥ ንግሥ በሚሆንበትም ሳምንት መጥቶ ርብራቡን በዓይኑ መመልከት ይገባዋል።