ይበቃኛል ማለትን ከማን እንማር?

በዘመናችን ካሉት የተማሩ ሰዎች አንዳንዶቹ፣ የኑሮ ጭነት በከበዳቸው ጊዜ፣ ቀላል ኑሮ የሚያስተምር ጥበብ ፍለጋ እስከ ቻይና አገር ድረስ በመጽሐፍ ይጓዛሉ። በዚያም ላኦ ጹ የሚባለውን የጥንት ጠቢብ አግኝተው ደስ ይላቸዋል። ይህን የሰሙ ሌሎች ደግሞ፣ የአረማዊ መጽሐፍ ለክርስቲያን ምን ይረባዋል ብለው ይቈጣሉ። እኔ ግን ሁለቱንም ወገኖች እወቅሳለሁ። የፊተኞቹን የምወቅሳቸው በማንበባቸው አይደለም፤ አንብበው ኑሮአቸውን ባለመለወጣቸው ነው። የኋለኞቹንም የምወቅሳቸው ለሃይማኖት በመቅናታቸው አይደለም፤ በቤታቸው ያለውን መዝገብ ሳይከፍቱ በሰው መዝገብ ላይ በመቈጣታቸው ነው።

ላኦ ጹ ከጌታችን ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ኖረ ይተረካል። የመንግሥቱን መበላሸት አይቶ አገሩን ለቆ ሲሄድ፣ የድንበሩ በር ጠባቂ ጥበቡን ጽፎ እንዲተውለት ለመነው፤ እርሱም 81 አጫጭር ምዕራፎች ያሉትን ታኦ ቴ ቺንግ የተባለውን መጽሐፍ ሰጥቶት ሄደ ይባላል። ታኦ ማለት መንገድ ማለት ነው። ትምህርቱም በአጭሩ ሲነገር፣ ገና ያልተጠረበ እንጨትን ለሰው ልብ ምሳሌ ያደርጋል፤ ዝቅ ወዳለው ስፍራ የሚወርደውን ውሃ ያመሰግናል፤ መጠኑን ያወቀ ሰው ባለጠጋ መሆኑን ያስረዳል።

ይህን ቃል መስማት ለሃይማኖታችን የሚያስፈራ አይደለም። አባቶቻችን የነሶቅራጥስንና የነአፍላጦንን ምክር የያዘውን አንጋረ ፈላስፋን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰው በገዳማት ያኖሩት፣ እምነታቸው ስለ ላላ አይደለም። መልካም ቃል ከማንም አፍ ቢወጣ መልካም መሆኑን ስለሚያውቁ ነው እንጂ።

ነገር ግን እጠይቃለሁ። የጎንደር ሰው ይበቃኛል ማለትን ለመማር ቻይና ድረስ መሄድ ያስፈልገዋልን? ከስሜን ተራሮች ወዲያ ባለው ቆላ የዋልድባ ገዳም አለ። በዚያ የሚኖሩት መነኮሳት የአባ ሳሙኤልን ሥርዓት ተከትለው፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ቋርፍ የሚባለውን መራራ ምግብ እየተመገቡ በሥራና በጸሎት ይኖራሉ። በከተማችንም ውስጥ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ የሚቆም የቆሎ ተማሪ አለ። ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ከትንሿ ጎጆው ይገባል፤ ሌሊቱንም ቃለ እግዚአብሔር ሲያጠና ያድራል።

ይህ ድህነት ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የከተማችንን ታሪክ ያስታውስ። የታላቁ ኢያሱ ግንብ በወርቅና በዝሆን ጥርስ አጊጦ ነበር እየተባለ ይነገርለታል፤ ዛሬ ጣራ እንኳ የለውም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን በወረሩ ጊዜ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ብዙዎቹ ተቃጠሉ፤ ንዋየ ቅድሳትም ጠፋ፤ መጻሕፍትም ዐመድ ሆኑ። አቋቋሙ ግን አልተቃጠለም፤ ዜማውም አልተማረከም። በደበሎ ለባሹ ተማሪና በመምህሩ ልብ ውስጥ ተጽፎ ነበርና፣ እሳት የሚደርስበት ስፍራ አልነበረም። እስከ ዛሬም አቋቋም በጎንደር በዓታ ይመሰከራል። እንግዲህ ከንጉሥ ግንብና ከተማሪ ጎጆ የትኛው ጸና? አንባቢ ሆይ፣ አንተው ፍረድ።

ይህን ያህል መምህር በደጃችን ሳለ እኛ የምንኖረው እንዴት ነው? አባት ሲሞት ልጅ ከኀዘኑ አስቀድሞ ስለ ተዝካሩ ድግስ ይጨነቃል። አርባው እስኪደርስ ጌሾና ብቅል ይገዛል፤ ያለችውን ላም ይሸጣል፤ ያም ባይበቃው ከጎረቤት ይበደራል። የደጋው ገበሬ አንድ በሬ ቢተርፈው መቀናጆ ፈልጎ ያርሳል። ሁለቱም ያለቁበት እንደ ሆነ ግን የአባቱን መሬት ለሌላ ሰው ለእኩል ሰጥቶ፣ በገዛ ርስቱ የሰው እጅ ተመልካች ይሆናል። ሟቹ ልጁን ሊያወርሰው የደከመበትን ጥሪት በሟቹ ስም አንድ ቀን በልተን እንነሣለን። በማግሥቱም ወጡ ቀጥኖ ነበር፣ ጠላው አንሶ ነበር ብለን እናማዋለን። በከተማም ቢሆን ሠርገኛው ለአንድ ቀን ክብር የብዙ ዓመት ዕዳ ይሸከማል። ስለ ያልተጠረበው እንጨት አንብቦ የሚደነቀውም ሰው፣ የልጁ ሠርግ በደረሰ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ድንኳን ይተክላል።

ተዝካር ፍቅር ነው፣ ድኻም የሚጠግበው በዚያ ቀን ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ የቆሎ ተማሪውም ተዝካር ባለበት ቤት ይጠግባል። ስለዚህ ተዝካር ይቅር አልልም። ጸሎቱና ቅዳሴው፣ ምጽዋቱም የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው። ነገር ግን ባለጠጋው በድንኳን ውስጥ በክብር ሲቀመጥ፣ ተዝካሩ በእውነት የተገባው ድኻ ከአጥር ውጭ ቆሞ ትርፍራፊ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ያ ግብዣ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም። ጌታችንስ ግብዣ ስታደርጉ ብድር የማይመልሱላችሁን ጥሩ ብሎ አላስተማረምን?

ከቻይናው ጠቢብ ጋር የምንለያይበትም ነጥብ በዚህ ላይ ነው። እርሱ ምኞትህን ብትቀንስ ታርፋለህ ይላል፤ መልካም ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ካለች በኋላ አንድ ጥያቄ ትጨምራለች፤ ከራስህ የቀነስኸው ወዴት ሄደ? ትላለች። የጾማችን ሥርዓት ይህን ያስተምራል። ሰው ከምሳው ያስቀረውን ለራቱ ቢያከማቸው ሰዓት አዛወረ እንጂ አልጾመም። እንዲሁም ለራሱ ዕረፍት ብቻ ኑሮውን ያቀለለ ሰው ሸክሙን አራገፈ እንጂ የማንንም ሸክም አላነሣም።

እንግዲህ ነገሬ ወቀሳ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚቻለውን አመለክታለሁ። ሰንበቴያችንን እንመልከት፤ እያንዳንዱ በተራው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ ልኩ የታወቀ ስለ ሆነ ማንም በማንም ላይ አይኰራም፤ ማንም ስለ ሰንበቴ በሬውን አይሸጥም። ለተዝካርና ለሠርግ እንደዚህ ያለ ልክ ማውጣት የሚከለክለን ምንድን ነው? የየደብሩ ካህናትና የየዕድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጠን ይወስኑ። በተዝካርም ቀን አስቀድመው ድኾችና ተማሪዎች ይቀመጡ፤ የተረፈም ገንዘብ ቢኖር ለሟቹ ልጆች ትምህርት ይዋል።

አባቶቻችን ካህናት ሆይ፣ ይህ ሥራ ከእናንተ ይጀምራል። ምእመናን ድግስን የሚያበዙት የእናንተን መቅረትና የሕዝቡን ሐሜት ፈርተው ነው። እናንተ በአንድ እንጀራና በአንድ ዋንጫ ጠላ ፍትሐት አድርሳችሁ፣ ባለቤቱን መርቃችሁ ብትነሡ፣ ከዚያ በኋላ በጎንደር አገር አነሰ ብሎ የሚያማ ማን ይኖራል? እናንተም የተማራችሁ የከተማ ሰዎች፣ የላኦ ጹን መጽሐፍ ወደ ማኅደሩ ከመመለሳችሁ በፊት፣ ለልጃችሁ ሠርግ ያሰባችሁትን ሒሳብ አውጥታችሁ ከአጠገቡ አኑሩት። ሁለቱ የማይስማሙ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን አላመናችሁበትም ማለት ነው።