ያልተንቀሳቀሰው ግንብ

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዐምድ ስለ ቤተ መጻሕፍት ወረፋ አምርሬ ስለ ተናገርሁ፣ ዛሬ ከጨዋታ እንድጀምር ይፈቀድልኝ። ጨዋታ ማለቴ ቼዝ ነው። «የመምህር ጊዜ ማሳለፊያ ለእኛ ምን ይረባናል?» የምትሉ ብትኖሩ ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ከእናንተም ጠረጴዛ ይደርሳል።

በሰፈራችን፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ አንድ የእድር ቤት አለ። ለቅሶ ያልገጠመ እንደ ሆነ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቼዝ ክበብ ይሆናል። በአንዱ ጥግ የተጠቀለለው ድንኳንና እርስ በርስ የተደራረቡት ትልልቅ ብረት ድስቶች ተቀምጠዋል፤ በሌላው በኩል ስድስት ገበታዎች ተዘርግተዋል። በአንደኛው ገበታ በጠፋው ጥቁር ፈረስ ፈንታ የለስላሳ ቆርኪ ቆሞአል። ቆርኪውን «ፈረስ» ብሎ መጥራት እንግዳውን ሰው ያስቀዋል፤ ጠጠሩን ሲበላበት ግን አያስቀውም።

ወደዚያ የሄድሁት የዛሬ ስድስት ወር ነው። እውነቱን ልናገርና በልቤ «ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ የተማረ ሰው ይህን ለማወቅ አንድ ቀን ይበቃዋል» ብዬ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠው በማስተምርበት ክፍል ያለ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሆነ። እጅ ነሥቶኝ ተቀመጠና በአራት ተራ አሸነፈኝ።

ወጥመዱን የማታውቁት ካላችሁ እነሆ። በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት አራመደ፤ እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ጳጳሱን በሰያፍ አወጣ፤ እኔ ፈረስ አወጣሁ። ንግሥቱን እስከ ገበታው ዳር አወጣት። «ንግሥት እንዲህ በጠዋት ትወጣለች እንዴ?» ብዬ በልቤ እየሣቅሁ፣ እርስዋን ለማባረር ሁለተኛውን ፈረስ አወጣሁ። ያን ጊዜ ንግሥቲቱ ከንጉሤ አጠገብ በጳጳሱ ፊት ቆሞ የነበረውን ወታደር በላችው። ንጉሤ እንዳይበላት የልጁ ጳጳስ ከሩቅ ይጠብቃታል። ያ ወታደር በጨዋታው መጀመሪያ ከንጉሡ በቀር ሌላ ጠባቂ የለውም። ፈረሱን ትቼ የራሴን ንግሥት በንጉሤ ፊት ባቆማት ኖሮ ምንም ባልሆንሁ ነበር።

ክበቡን የሚመሩት አንድ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። የሚያጠብቁት ሕግ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው፣ የነካኸውን ጠጠር ታንቀሳቅሳለህ፤ መመለስ የለም። ሁለተኛው፣ የሄድኸውን ሁሉ በደብተር ትጽፋለህ። «ያልተጻፈ ጨዋታ እንደ ጠፋ መዝገብ ነው» ይላሉ፤ አርባ ዓመት ከፋይል ጋር ለኖረ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ ያለ አይመስለኝም።

ስለ አባቶቻችን ሰንጠረዥ የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው። ዛሬ ሰንጠረዥ ስንል የምናስበው በሪፖርት ላይ የምናሰምረውን የቍጥር መደብ ነው፤ ስሙ ግን የጨዋታ ስም ነበር። ገበታው እንደ ዛሬው ነጭና ጥቁር ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ መስመር የተሰፋበት ቀይ ጨርቅ ነው። ዛሬ ጳጳስ በሚቆምበት ቦታ ፊል፣ ማለት ዝሆን፣ ይቆም ነበር፤ በንግሥት ቦታ ደግሞ አንድ ቤት ብቻ በሰያፍ የሚሄድ ፈርዝ። ከሁሉ የገረመኝ አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ እንደ ልባቸው ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ይህም ወረራ ይባላል። በግንብ፣ በአባቶቻችን አጠራር በደር፣ ንጉሥን ማሸነፍ ጥበብ የጐደለው ተደርጎ ሲቈጠር፣ በፈርዝና በፊል ማሸነፍ ግን ያስመሰግን ነበር። ስለ ግንቡ ያልሁትን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ወደ ልጁ ልመለስ። ያን ቀን ካሸነፈኝ በኋላ ወሬው ሰኞ በትምህርት ቤቱ ግቢ ደረሰ። ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበር የሚሰማው ሣቅ ሁሉ ስለ እኔ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ወር ያህል ተለማምጄ እንደ ገና ገጠምሁት፤ በ34ኛው ተራ አሸነፍሁ። የከበቡን ወጣቶች አጨበጨቡ። ልጁም ተነሥቶ እጄን ጨበጠና «ቲቸር፣ በጣም በርትተዋል» አለኝ። የዚያን ቀን ማታ ራት ሳልበላ ደብተሬን ዘርግቼ ድሌን ተራ በተራ ልደግመው ተቀመጥሁ።

27ኛው ተራ ላይ እጄ ቆመ። ንጉሤ በሦስት ወታደሮቹ ጀርባ ተዘግቶአል፤ ግንቤ ለማጥቃት ርቆ ሄዶአል፤ የኋላው መስመር ባዶ ነው። የልጁ ግንብ በተከፈተው መስመር ላይ ቆሞ እኔን ይመለከታል። ወደ መጨረሻው ቤት ቢወርድ ቼክሜት ነበር፤ መሸሻም መከለያም አልነበረኝም። እኔ በራሴ ጥቃት ሰክሬ አላየሁትም። እርሱስ? በአራት ተራ የሚያሸንፍ ልጅ ይህን አያይም? ግንቡን ትቶ በገበታው ዳር ያለውን ወታደር አንድ ቤት አራመደ።

አላየውም ይሆናል ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርሁ። ጨዋታውን ሦስት ጊዜ ደገምሁት። በግንብ ማሸነፍ ያስነውራል ብሎ ይሆናል እንዳልል፣ ልጁ ደርን በስሙም አያውቀው። የቀረው አንድ ምክንያት ነው፤ እርሱም ይሉኝታ።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1805 ዓ.ም. ሕንጣሎ ድረስ ሄዶ፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶአል። የተመለከተውን ሲጽፍ፣ ጨዋታው ጫጫታ የበዛበት እንደ ነበረና በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ፣ አሽከሩም ሳይቀር፣ እጁን እየሰደደ ምክር ይሰጥ እንደ ነበረ ይናገራል። ነገር ግን ተጫዋቾቹ በብዙ ብልሃት ሁልጊዜ ራስን ያስደርጓቸው ነበር ይላል፤ ማለት ድሉ ሁልጊዜ የራስ ነው። ይህን ከዚህ ቀደም ሳነብ ሥቄ ነበር። ያን ማታ ግን ምን ያህል ጨዋታ በእውነት እንዳሸነፉ ሳያውቁ የቀሩት ራስ አሳዘኑኝ።

ልጁን ልቈጣው አሰብሁ። ወዲያው ግን አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና አፈርሁ። ባለፈው የመንፈቅ ፈተና ጊዜ፣ የትምህርት ክፍላችን ታላቅ መምህር የጥያቄውን ወረቀት እንድናየው አዙረውልን ነበር። 14ኛው ጥያቄ ከአራቱ ምርጫዎች አንድም ትክክለኛ መልስ አልነበረውም። አይቻለሁ። ነገር ግን እርሳቸው ያስተማሩኝ፣ ጠጕራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ በሰው ፊት ማረም ከበደኝና «ደኅና ነው» ብዬ ወረቀቱን ወደሚቀጥለው አሳለፍሁ። በፈተናው ቀን አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አንዱም አይሆንም እኮ» አለኝ። «የሚቀርበውን ምረጥ» አልሁት። ያ ተማሪ ይኸው ልጅ ነበር።

እናንተም፣ አለቃችሁ ባረቀቀው ደብዳቤ ላይ የድምር ስሕተት አይታችሁ ብዕራችሁን ስታሽከረክሩ የዋላችሁበት ቀን እንዳለ እገምታለሁ። ሁላችንም ግንባችንን ወደ ታች ሳናወርድ ያዳር ወታደር ማራመድ እንችልበታለን።

በቀጣዩ ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ ሄድሁ። ጠጠሮቹን በ27ኛው ተራ እንደ ነበሩ አሰለፍሁና ልጁን ጠራሁት። ገና ሲያየው አንገቱን ደፋ።

«አይተኸዋል?» አልሁት።

«አዎን ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን?»

ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «ባለፈው ጊዜ ልጆቹ በእርስዎ ሲሥቁ ነበር። ሁለተኛ እንዳይሥቁ ብዬ ነው» አለኝ።

ለዚህ ምን ይመለሳል? መልካም ልጅ ነው። እኔም ስለ 14ኛው ጥያቄ ነገርሁት፤ አይቼው እንደ ነበረም ሳልደብቅ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዲያ ትክ ብሎ አይቶኝ አያውቅም ነበር። ከዚያም ምንም ሳይናገር እጁን ዘርግቶ ግንቡን ወደ መጨረሻው ቤት አወረደው።

አዲስ ጨዋታ ጀመርን። ቆርኪ ያለበት ገበታ ደርሶን ጥቁሩን እርሱ ያዘ። በጥንቃቄ ተጫወትሁ፤ እስከ 19ኛው ተራ ድረስም የሚያሳፍር ሥራ አልሠራሁም። ከዚያ ጳጳሴን ልወስድ ጣቴን አሳረፍሁበትና፣ ፈረሱ ንጉሤንና ንግሥቴን ባንድ ጊዜ የሚይዝበትን ቤት የሚጠብቀው ያው ጳጳስ መሆኑን አየሁ። ጣቴን ቀስ ብዬ አነሣሁ። ሌላ ጠጠር ልይዝ እጄን ስዘረጋ ሽማግሌው ከኋላችን ቆመው ነበር፤ አይተዋል፤ ነገር ግን ምንም አልተናገሩም። ወጣቶቹም ዝም አሉ።

ልጁ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፍሮ፣ ዓይኑን ከገበታው ሳያነሣ፣

«ቲቸር፤ ነክተዋል» አለኝ።

ጳጳሱን አንቀሳቀስሁ። ቆርኪው ዘለለ፤ በሚቀጥለውም ተራ ንግሥቴን በላ።