ጀማሪውን ለቀቅ አድርጉት

በአገራችን መጻፍ ያማረው ሰው ገና አንድ መስመር ሳይጽፍ ችሎት ፊት ይቀርባል። ዳኞቹ ብዙ ናቸው። አንዱ «እንደ ሐዲስ ዓለማየሁ ካልጻፍክ ምን አደከመህ?» ይላል። ሌላው «ዛሬማ ደራሲ ያልሆነ ማን አለ!» እያለ ያሽሟጥጣል። ሦስተኛው ዳኛ ቅን ሰው ነው፤ ደብተርህን አይቶ ደስ ይለዋል፤ ትከሻህን መታ መታ እያደረገ «በል እንግዲህ፣ መቼ ነው የሚታተመው?» ሲል ይጠይቃል። እኔ ከሦስቱ አብልጬ የምፈራው ይህን ሦስተኛውን ነው። የፊተኞቹ ቢያንስ ያናድዳሉ፤ የተናደደ ሰው ደግሞ እልህ ይዞት ሊጽፍ ይችላል። ሦስተኛው ግን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቶ ማታ ማታ ውሎውን መጻፍ የጀመረውን ምስኪን በአንዲት ጥያቄ መድረክ ላይ ያወጣዋል። ከዚያች ማታ ወዲህ ሰውየው ቃል ያሳምራል፣ ያላዘነውን ሐዘን ያዝናል፣ ያላነበበውን ፈላስፋ ይጠቅሳል። ወር ሳይሞላ ደብተሩ የሽንኩርትና የዘይት ሒሳብ መመዝገቢያ ሆኖ ይቀራል።

ደብተሩን ያዘጋው የችሎታ ማነስ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ይሉኝታ ነው ባይ ነኝ። ይህን ይሉኝታ በብዕር በኩል ያስተማረን ደግሞ ትምህርት ቤት ይመስለኛል። «ድርሰት ጻፉ» ስንባል ርእሱ «የትምህርት ጥቅም» ወይም «ጊዜ ወርቅ ነው» ነበር። መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ይኑረው፤ በተረትና ምሳሌ ቢዘጋማ ነጥብ ያስጨምራል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ጊዜ ምን ያውቃል? ስለ ሰፈሩ ቦይ፣ ስለ አያቱ ሳል፣ ስለ ወፍጮ ቤቱ ወረፋ ግን ብዙ ያውቃል። ያን የጠየቀው የለም። እንዲህ ያደገ ሰው በሠላሳ ዓመቱ ብዕር ሲያነሣ እጁ በራሱ ጊዜ «ከሁሉ አስቀድሞ» ብሎ ቢጀምር አይፈረድበትም።

ለመሆኑ ስማቸው እንደ ዱላ የሚወረወርብን ሐዲስ ዓለማየሁ በምን ጀመሩ? «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ተሻግሮ ነበር። ዘምተዋል፣ ጣሊያን አገር ታስረዋል፣ በዲፕሎማትነት ባሕር ተሻግረው ኖረዋል። ከዚያ መጽሐፍ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት»ን ነበር። አዎን፣ ተረት። ዛሬ ጀማሪውን የሚያሸማቅቁት ወገኖች ይህን ቢያውቁም አያነሡትም፤ የሚያዩት ሰገነቱን እንጂ ደረጃውን አይደለምና።

ሐዲስ በልጅነታቸው ያለፉበት የጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ደግሞ ጀማሪን እንዴት እንደሚይዝ የከተማው ሰው ረስቶታል። እስቲ የቅኔ ቤትን ልብ ብለን እንይ። ዋድላ ይሁን ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ አዲስ የገባ ተማሪ መወድስ አምጣ አይባልም። መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይመጣል። የቅኔው መጀመሪያ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ቀጥሎ ዘአምላኪየ ይመጣል፣ ሦስት ቤት፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ያድጋል። ተማሪው ከሰው ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከቁጥቋጦ ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ከጓደኞቹ ማንም ትከሻውን ተደግፎ አያይበትም። ሲጨርስ ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ የተሰበረውን ይጠግናሉ፣ የላላውን ያጠብቃሉ፣ የማይሆነውን ይጥላሉ። ነገ ሌላ ቅኔ ነው። የትናንቱ አይደገምም። ቅኔ ማሕሌት ገብቶ ካህናት እየሰሙት የሚቀኝበት ቀን የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መምህሩ የዋህ ናቸው፣ ተማሪውም ተሞላቅቆ ይኖራል ማለቴ አይደለም። ቁራሽ እየለመነ የሚማር ልጅ ነው፤ እርማቱም አጥንት ይሰብራል። ነገር ግን በየቀኑ እንዲሳሳት ተፈቅዶለታል፤ ስሕተቱም ከእሱና ከመምህሩ አልፎ አይወጣም። እኛ ዘመናውያን ነን የምንለው ሰዎች ይህን ሥርዓት ተገልብጦ አቆምነው። መጀመሪያ አደባባይ፣ ቀጥሎ ጭብጨባ፣ ከተረፈ ልምምድ። ዛሬ ደግሞ የጭብጨባው ብዛት በስልክ መስታወት ላይ በቁጥር ሰፍሮ ይታያል።

«እንዲያ ከሆነ እኮ ገበያው በማይረባ መጽሐፍ ተጥለቅልቋል፤ ወረቀት እንዲህ በተወደደበት ዘመን ጀማሪን ማበረታታት ወንጀል ነው» የሚሉኝ አሉ። መጥለቅለቁን አልክድም። የምጠይቀው ከየት መጣ ብዬ ነው። አብዛኛው የማይረባ መጽሐፍ የደራሲው የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት የጻፈውና የጣለው ነገር ስለሌለ ልምምዱን አንድ ሺሕ ቅጂ አድርጎ አሳተመው። የምርቃቱንም ሥርዓት ታውቁታላችሁ፤ አዳራሽ ይከራያል፣ መሲንቆ ይገረፋል፣ መጽሐፉን ትናንት ማታ የገለጡት ምሁር «በሥነ ጽሑፋችን ታሪክ አዲስ ምዕራፍ» ይላሉ፣ የደራሲው እናት ያለቅሳሉ። (የእናትየውን እንባ አልነካም፤ በአዳራሹ ውስጥ ካለው ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው።) በሁለተኛው ዓመት ደራሲውን ብትፈልጉት የለም። አዲስ ምዕራፍ የከፈተ ሰው ከዚያ ወርዶ እንዴት ሁለት መስመር ይሞክር? ስለዚህ የወረቀቱ ወዳጆች ጠባቸው ከእኔ ጋር መሆን አልነበረበትም። ሰው በደብተር ላይ ሦስት ዓመት ቢበላሽ ለማተሚያ ቤቱ ወረቀት ከሁሉም በላይ ቁጠባ ነው።

ሊታተም የማይታሰብ ነገርም ቢሆን አንዳንዴ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። አለቃ ለማ ኃይሉ ደራሲ ልባል ብለው አልተነሡም። የሕይወታቸውን ነገር ለልጃቸው ለመንግሥቱ ለማ አወጉ፤ ልጅየው በቴፕ ቀርጸው፣ ወደ ጽሑፍ መልሰው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳተሙት። ከዚያ መጽሐፍ የሚጥመኝ፣ አለቃ ወዲያና ወዲህ ሳይሉ እንደሚናገሩት ሆኖ መገኘቱ ነው። አባት ለልጁ ሲያወጋ ማን ብሎ ያሽሞነሙናል? በአማርኛ ከተጻፉ የሕይወት ታሪኮች አንዱን ምረጥ ብባል ከብዙ ሚኒስትሮች ትዝታ ይልቅ እሱን አስቀድማለሁ።

ነገሩ የሚያንገበግበኝም እዚህ ላይ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የድሬዳዋ ሰው በዚያ ሐዲድ ላይ በትውልድ ትውልድ ሠርቷል፣ ከፈረንሳይኛ የተነጠቀ የራሱን የሥራ ቋንቋ አበጅቷል፤ እኛም አዲስ አበቤዎቹ ለገሃር የምንለውን ስም ያገኘነው ከዚያው ነው። በመደርደሪያዬ ላይ አንድ የፉርጎ ጠጋኝ የጻፈው ማስታወሻ የለኝም። ቤይሩት ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች አንዲት እህት ባለፈው ዓመት ስታጫውተኝ አመሸች። በረንዳ ላይ ስለመተኛት፣ የእመቤቲቱን ኮቴ ለይቶ ስለማወቅ፣ ዓረብኛውን ከሕፃኑ ጋር አብሮ ስለመማር የነገረችኝን በየትኛውም ልብ ወለዳችን አላነበብኩትም። «ለምን አትጽፊውም?» አልኳት። «እኔ ደራሲ ነኝ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ይህን መልስ ያስጠናናት እኛው ነን፤ የምናሽሟጥጠው፣ የምናጨበጭበው፣ ድርሰትን ነጥብ እየሰጠን የምናርመው።

መጽሔቶችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም፣ ይህኛውን ጨምሮ። ጽሑፍ ይዞ የሚመጣን ሰው የምንጠይቀው «ከዚህ በፊት ምን አሳትመሃል?» ብለን ነው። እንግዲህ አዘጋጆቹ ፈቃዳቸው ከሆነ በየወሩ ሁለት ገጽ ይልቀቁ። ያለ ፎቶግራፍ፣ ያለ ማዕረግ፣ ጸሐፊው ከፈለገም ያለ ስም። ርዝመቱ ከግማሽ ገጽ አይለፍ፤ መደምደሚያ አይጠየቅበት፤ ያላለቀም ቢሆን ይውጣ። እርማቱ በደብዳቤ ለጸሐፊው ብቻ ይላክ። የቤይሩቷ እህት ስለ በረንዳው ብቻ ከሆነ እሞክራለሁ ብላኛለች፤ ለማንም እንዳልነግርባት አስጠንቅቃ፣ ደብተሩንም ራሷ ገዝታዋለች።