የጀርባው ሥዕል ለማን ነው?

ሰው ዕቃውን ማስጌጥ ይወዳል። ባልቴቷ ሌማቷን በቀለም ስንደዶ ትሰፋለች፤ ባለሱቁ የሱቁን በር ቀለም ይቀባል፤ ተማሪው የደብተሩን ልባስ በሥዕል ይሸፍናል። የዛሬው ወጣት ደግሞ የስልኩን መስታወት ገና እንደ ነካ የሚወደው ሰው ወይም የሚወደው አገር ፎቶግራፍ ከጀርባው ብቅ እንዲልለት ያደርጋል። ይህ ልማድ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጌጡ ዕቃውን ከሥራው ያሰናከለው እንደ ሆነ «ይህ ጌጥ የተደረገው ለማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። እኔ ይህን ጥያቄ የተማርሁት ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከአያቴ ነው።

ባለፈው የፋሲካ በዓል ወደ ራቤል ወጥቼ ነበር። ራቤል የግሼ ራቤል ወረዳ ከተማ ናት፤ ብርዷን የሚያውቅ ሰው ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ ተሰብስቦ ቴሌቪዥን ማየት ምን ያህል ደስታ እንደሚሰጥ አይጠፋውም። በአያቴ ቤት አንዱ ለቴሌቪዥኑ፣ አንዱ ለዲሹ ሪሲቨር የሚያገለግሉ ሁለት ሪሞቶች ነበሩ፤ ሁለቱም እንደ ብዙው የአገራችን ቤት ልማድ በላስቲክ ተጠቅልለዋል። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። ይሁን እንጂ በመክፈቻው ላይ አንድ ጠብታ ቀይ የጥፍር ቀለም አስነክተው፣ በድምፁ ላይ ደግሞ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፈው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሁሉ ሳያነቡት ቤታቸውን ያስተዳድሩበት ነበር።

የሪሲቨሩ ሪሞት ተሰብሮ ቆየኝ። እኔም ተምሬ የመጣሁ ነኝና የማይታይ ጨረር የሚልክ ዓይን ያለውን አሮጌ ስልኬን አውጥቼ ሁለቱንም መሣሪያዎች እንዲያዝዝ አድርጌ አዘጋጀሁላቸው። ፕሮግራሙ አዝራሮቹን በፈለጉት ስፍራ ለመደርደር፣ ከጀርባቸውም የፈለጉትን ሥዕል ለማኖር ይፈቅዳል። እኔም ብዙ ሳላስብ ጥቁር ካባ ለብሼ የተመረቅሁበትን ፎቶግራፍ አኖርሁበት። አያቴ ተቀብለው ሳሙት፤ እኔም ኮራሁ።

ሁለት ቀን ዘመድ ስጠይቅ ቆይቼ ብመለስ ቴሌቪዥኑ ተዘግቷል።

«መብራት የለም እንዴ፣ እማማ?»

«መብራትስ አለ።»

«ታዲያ ምነው ዘጉት?»

ዝም አሉ። ደግሜ ብጠይቃቸው፣ «መክፈቻውን ካንተ ዓይን ላይ ነው ያደረግኸው። በልጅ ዓይን ላይ ጣት ይጫናል እንዴ?» አሉኝ። እኔ እንዳላዝን ብለው፣ የበዓሉን ዝግጅት ሳያዩ ሁለት ቀን በዝምታ ተቀምጠዋል።

በመጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ሳቄ ወደ እፍረት ተለወጠ። ፎቶግራፉን ያኖርሁት ለእርሳቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለራሴ ኖሯል። ከዚህም በላይ የጥፍር ቀለማቸውንና ፕላስተራቸውን ወስጄ፣ በምትኩ ለጣት ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ ልሙጥ መስታወት ሰጥቻቸዋለሁ።

የሪሞትን ታሪክ ለተመለከተ ሰው ይህ ነገር ዛሬ የመጣ አይደለም። ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ሪሞት ከቴሌቪዥኑ ጋር በሽቦ የተያያዘ ነበር። በ1955 ዩጂን ፖሊ በብርሃን የሚሠራውን አመጣ፤ ነገር ግን የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያዝዘው ጣቢያ ይለውጥ ነበር። በዓመቱ ሮበርት አድለር ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የሚሠራውን ሠራ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1998፣ ፊሊፕስ ፕሮንቶ የተባለውን ባለ መስታወት ሪሞት ለገበያ አቀረበ። ባለቤቱ ገጾቹን በኮምፒዩተር ላይ እየነደፈ፣ የጀርባ ሥዕላቸውንም እየመረጠ በሽቦ ወደ ሪሞቱ ያስተላልፋል። የመጀመሪያው ፕሮንቶ መስታወት በአንድ ወገን 320፣ በሌላው 240፣ በድምሩ 76,800 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ ቀለሙም ከነጭ እስከ ጥቁር አራት ደረጃ ነው። ስለዚህ ነዳፊው ለእያንዳንዱ ነጥብ መሳሳት ግድ ይሆንበት ነበር። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ሥራ መተዉን ቢያስታውቅም፣ ሐሳቡ ግን ወደ ስልኮቻችን ገብቶ ይኖራል። ዛሬ ብዙው ስልክ 720 በ1,600 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ስላለው የሚያግደን ነገር የለም። የሚያግደው ነገር የሌለው ሰው ደግሞ ማሰብ ይተዋል።

ወደ ራቤል ልመለስ። ፎቶግራፌን አነሣሁና በምትኩ የጓሣን ሜዳ ከነጭላዳዎቹ አኖርሁ። አገሩ የራሳችን ነው፤ ሥዕሉም ያማረ ነው። ነገር ግን ሣሩ ቀጫጭን ስለ ሆነ ምልክቶቹ ሁሉ እንደ መርፌ በውስጡ ጠፉ። ደግሞም ወደ ጎን የሰፋውን ፎቶግራፍ ወደ ላይ በረዘመው መስታወት ላይ ስለጥጠው ጭላዳው እንደ ግመል አንገቱ ረዘመ። ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው። ሥዕሉ በመስታወቱ ልክ አስቀድሞ መቈረጥ አለበት እንጂ መሳብ የለበትም። ከአዝራሩ በታች የሚውለው ክፍል ጸጥ ያለ፣ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ይሁን። ሥዕሉ ይደብዝዝ፣ ምልክቱ ይጕላ። ሲያልቅም በቀትር ፀሐይ ደጅ፣ በሌሊትም በጨለማ ቤት ይፈተን። የቀድሞው አሠራር ግልባጭ ሳይቀመጥ አዲሱ አይጫን።

«ይህን ያህል ስለ ሪሞት መጨነቅ ምን ይረባል? አሮጊቷ ፊደል ቢማሩ አይሻልም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መማሩ መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን አባቶቻችን ሕዝቡ ፊደል እስኪቆጥር ድረስ ሥዕሉን አላዘገዩትም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሠዓሊው ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉውን ሰው ግን በአንድ ዓይኑ በጎን ይሥለዋል። ማንበብ የማይችለውም ምእመን ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ በአንድ እይታ ያውቃል። ያ ሥዕል ያማረ ነው፤ ውበቱ ግን ሥራ ይሠራል። አያቴ በጥፍር ቀለም ያደረጉትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሌላው ደግሞ «እንግዲያስ ሥዕል ጨርሶ አይኑርበት» ይል ይሆናል። በዚህም አልስማማም። ሥዕል ዕቃውን የባለቤቱ ያደርገዋል፤ ያለ እርሱ መስታወቱ የባዕድ ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ወጣት ሹማምንትና ነገ ወደ ሥራ የምትገቡ ተማሪዎች፣ ነገሩ የሪሞት ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ የሚነካው መስታወት፣ በስልክ የሚሞላው ቅጽ፣ በግድግዳ የሚሰቀለው ማስታወቂያ የሕዝብ ሪሞት ነው። ከጀርባው የሕንፃ ወይም የአለቃ ፎቶግራፍ ተነጥፎበት፣ «በስንተኛው መስኮት ልቁም?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከደመናው መካከል የጠፋበትን ማስታወቂያ ያላየ ማን አለ? ባለጉዳዩ ሳይገባው ሲቀር እንደ አያቴ ያፍራል፤ ዝም ብሎም ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛም ቅሬታ ስላልሰማን ሥራው የተቃና ይመስለናል። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ ከገባ ወዲህ «ክፈት»፣ «ዝጋ»፣ «ድምፅ ጨምር» ብሎ በአማርኛ ላለመጻፍ ምክንያት የለንም። ሥራውንም ከመስጠታችን በፊት የሚገለገልበትን ሰው አስቀምጠን፣ እኛ እጃችንን አጣጥፈን፣ እርሱ ሲነካ ማየት ይገባናል።

እኔም በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከአያቴ አጠገብ ተቀምጬ «እርስዎ እንዴት ይሁን ይላሉ?» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «አንተን ከበሩ ላይ አድርግህ፤ ከውስጥ ግን ሥራዬን ልሥራበት» አሉኝ። እንዳሉትም ፎቶግራፌን አዝራር በሌለበት በመጀመሪያው ገጽ ላይ አደረግሁት። በሁለተኛው ገጽ ላይ ጀርባው ዝም ያለ ነጭ ሆነ፤ መክፈቻውም እንደ ጥፍር ቀለማቸው ቀይ።

አሁን ማታ ማታ ስልኩን ሲያነሡ አስቀድመው ይስሙታል፤ ከዚያ ገጹን ገልጠው ቴሌቪዥኑን ይከፍታሉ።